ያልተገለበጠው ወረቀት

ለአዲስ መጪ አንባቢዎች ቦታ እንልቀቅ። ነባሮቹ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የምታውቁትን ብደግምባችሁም አታኩርፉ። ኩርፊያ ምን እንደሚያመጣ ዛሬ ታያላችሁ።

ከእኔ አጥር ማዶ ያለው ግቢ የጭነት መኪናዎች ግቢ ነው። ዘጠኝ መኪና፣ የተደረደሩ የነዳጅ በርሜሎች፣ በሩ ላይ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ መስኮቷ ወደ እኔ የሚያይ አንዲት ጠባብ ቢሮ። ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ሾፌሮቹ ከኋላቸው ሌላ ስም አውጥተውላቸዋል፤ እሱን እዚህ ብጽፈው አጥሩን ያስረዝሙብኛል። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ እናትየው ካረፉ ቆይተዋል። ታላቁ ሾፌር ነው፤ የባለቤቱ ልጅ ነኝ ብሎ ተራ የማይዘል፣ ጭነት የማይመርጥ ልጅ። ታናሿ ቢሮዋ ውስጥ ጽሕፈት መኪና ላይ ተቀምጣ ስትተይብ ትውላለች። እኛ ጸሐፊዋ እንላታለን። ወንድሟ ግን «ሚጢጢ» ነው የሚላት፤ በአራት ጣት ትረዝመዋለች እኮ!

ሦስተኛው ሰው ሞተረኛው ነው። መኪናዎቹ ከመነሳታቸው ቀደም ብሎ በሞተር ሳይክል ያንን ሰው የሌለበትን መንገድ ይሄዳል። የቱ ጋ እንደተቦረቦረ፣ የቱ ጋ ድንጋይ እንደወረደ፣ የትኛው ወንዝ እንደሞላ በቅጽ ጽፎ በሚመለስ አውቶቡስ ይልካል። ጸሐፊዋ ትተይበዋለች፤ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል፤ ሾፌሮች አንብበው ይወጣሉ። ልጁ ከጉዞ ሲመለስ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ስለሚሆን «አቧራው» ይሉታል። አባቱ ዘበኛ ነው። ጋሼ ለልጃቸው የሚያስቡት ባል ደግሞ ቢያንስ ቢያንስ አራት ጎማ ያለው ነው።

ታዲያ ሁለቱ እንዴት ተዋደዱ? በቅጹ ነዋ! ከታች «ልዩ አስተያየት» የምትባል አራት ጣት የማትሞላ ባዶ ቦታ አለች። ጋሼ ያሳተሟት ለድልድይ ስንጥቅ ነበር። አቧራው ግን ያየውን ሁሉ እዚያች ላይ ያፈስባታል። አንዱን አሳይታኛለች፤ እንዲህ ይላል፦

«ስልሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሜዳው ቢጫ ነው፤ ዓይን እስኪደክም ቢጫ። ነፋስ ሲመጣ አንድ ግዙፍ ሰው በእንቅልፉ የሚገላበጥ ይመስላል። ሞተሬን አጥፍቼ ቆምኩ። ብቻዬን ማየቴ ስርቆት ሆኖ ተሰማኝ።»

እንግዲህ ይህ የመንገድ ሁኔታ ነው? ጸሐፊዋ ከላይ ያለውን ትተይብና ከታች ያለችውን በመቀስ ቆርጣ ማታ ማታ አልጋዋ ሥር የምታሳድረው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ትከታለች። አባትየው የሚያዩት አናቱን ብቻ ነው። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ቆርቆሮውም ሞላ።

ያ ሐሙስ እስኪመጣ ድረስ።

የሐሙሱ ቅጽ ከላይ «መሻገሪያ፣ ኪሎ ሜትር 112፣ ውኃው ዝቅተኛ፣ ያሳልፋል» ይላል። ከታች ደግሞ እንዲህ፦ «መሻገሪያው ጋ ውኃ ለመንኩ። አንዲት ሴት በጣሳ አጠጣችኝ። እንደዚያ ያለ ፈገግታ በዕድሜዬ አላየሁም። አጠገቧ ተቀምጬ ሰዓቱ ሄደብኝ፤ እዚሁ ብቀርስ ብዬ አሰብኩ።» ጥግ ላይ፣ ወረቀቱን ገልብጪው የምትል አንዲት ትንሽ ቀስት ተስላለች።

እህቶቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እሷ ቀስቷን አየቻት። «ስለ እሷ ደግሞ ሁለተኛ ገጽ!» አለች ብቻዋን። መቀሱን አንስታ ቆረጠችው፤ ቆርቆሮው ውስጥ ወረወረችው። የቀረውን ተይባ ለጠፈች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የጽሕፈት መኪናው ድምፅ እስከ እኔ ጓሮ ይሰማ ነበር፤ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ሚስማር ነው የምትመታው። ቀናች፤ መቅናቷም አናደዳት።

ቅዳሜ ወንድሟ ሰሌዳውን አንብቦ፣ ጉንጯን ቆንጥጦ ወጣ። መሻገሪያው ላይ የወዲያኛው ዳር ከሥሩ ተናደ። መኪናው በጎኑ ተኛ። እግሩ ከመሪው ሥር ቀረ።

እሑድ አቧራው ሲመለስ መኪናውን ወድቆ አይቶ ሳያርፍ መጣ። ጋሼ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው በቢሮው መሐል ቆመው ጠበቁት። የተለጠፈውን ወረቀት ከሰሌዳው ገንጥለው በእጃቸው ጨብጠውታል።

«ያሳልፋል ይላል! ማን ነው ያሳልፋል ያለው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ዳሩ ከሥሩ ባዶ መሆኑን አላየህም?»

አቧራው ጎንበስ ብሎ የተጨበጠውን ወረቀት አየ።

«አየህ ወይስ አላየህም? አይተህስ ጻፍክ ወይስ አልጻፍክም?»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየ። ጋሼን አልነበረም ያየው። ከጽሕፈት መኪናው ጀርባ የተቀመጠችውን፣ ለወንድሟ ስታለቅስ ዓይኗ ያበጠውን ልጅ አየ። አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው። እሷ ያ እይታ ምን እንደሚጠይቃት አልገባትም። እሱ ግን አለመረዳቷን አይቶ ሁሉ ነገር ገባው።

«አይቼ ነበር፤ አልጻፍኩም» አለ። «ረሳሁ።»

«ረሳሁ? ጃንጥላ ነው የሚረሳ! ልጄን ነው የረሳኸው! ቁልፉን አምጣ።»

የሞተሩን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ፣ ከእጇ አጠገብ አስቀምጦ ወጣ።

ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ሲዋሽ ድምፁ ይቀጥናል። እሷ ያን ድምፅ ይዛ ቤቷ ሄደች፤ ቆርቆሮውን ከአልጋው ሥር ሳበች፤ የሐሙሱን ቁራጭ አውጥታ ገለበጠችው።

«አኮረፍሽ አይደል? አውቅሻለሁ። ሴትየዋ ሰባ ዓመት ያልፋታል፤ ድዷ ላይ አንድ ጥርስ የለም፤ ስታወራኝ የዋለችውም ስለ ወገቧ ነው። ሳቂ እንግዲህ። አሁን ቁም ነገር። ከፊት ያልኩትን ሰርዢው፤ በእስክሪብቶ ሞልቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ሴትየዋ ያሳየችኝ። የወዲያኛው ዳር ከላይ ደኅና መስሎ ከሥሩ ውኃ በልቶታል። በዱላዋ ስትወጋው እስከ እጀታው ገባ። ሞተር ይችላል፤ የጫነ መኪና አይሞክረው። በድንጋይ ሳይሞላ ማንም አይነሳ። በቀይ ጻፊው። ቅዳሜ ተረኛው ወንድምሽ ነው።»

እኔ ቤት ስትደርስ ጫማ አላደረገችም። ቁራጩን ዘረጋችልኝ፤ መነጽሬን ፈልጌ እስካነብ በሩን ተደግፋ ጠበቀች።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ የሰበርኩት።»

ሁልጊዜ ሳሾፍባት የምውለው ሴትዮ መነጽሬን አወለቅኩና «አባትሽ ያውቃሉ?» ብቻ አልኳት።

«ልነግረው ሄጄ ነበር። ደረቱን ይዞ ተኝቷል። ሐኪሙ ቁጣም ድንጋጤም እንዳይደርስበት አለ።» ከዚያ ቁጭ አለች፤ መሬት ላይ። «ዝም ብል ወንድሜ ይወደኛል፣ አባባ ይድናል፣ የሚጠፋው ጥፋቱን የተሸከመልኝ እሱ ብቻ ነው። ብናገር ደግሞ… እትዬ፣ ወንድሜ ፊቱን ቢያዞርብኝ የት እገባለሁ? ያሳደገኝ እኮ እሱ ነው። ፀጉሬን ይሠራኝ የነበረው እሱ ነው።»

ማታውን ምን እንዳሰበች አላውቅም። እኔ ግን ስለ እሷ ሳስብ አደርኩ።

ሰኞ ማለዳ ከከተማው ሐኪም ቤት ሰው መጣ፤ ከመሻገሪያው ማዶ ካለው ጤና ጣቢያ በሬዲዮ የተላከ መልእክት ይዞ። የወንድሟ እግር ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ እብጠቱ እየጨመረ ነው፤ ጀሶውና የማስታገሻ መርፌው አልቋል። ዛሬ ካልደረሰ እግሩን ማትረፍ አስቸጋሪ ነው። ታማሚው ደግሞ «ቤተሰቤ ሳይመጣ ማንም እግሬን አይነካም» ብሎ አስቸግሯል።

መኪና ቢሄድ መሻገሪያው ላይ ይቆማል። የሚያልፈው ሞተር ብቻ ነው። ጋሼ ከአልጋቸው መነሳት ስላልቻሉ ልጅቷ ልትሄድ ሆነ። እናም ለመሄድ ዕቃውን ሲጠቀልል የነበረውን አቧራውን አስጠሩት። እኔ ሾርባ ይዤ ገብቼ ስለነበር ሰማሁ፤ ለመስማት ብዬ ነው የሄድኩት የሚል ካለ አልከራከረውም።

«መንገዱን ካንተ በቀር የሚያውቀው የለም» አሉ ጋሼ፣ ወደ ግድግዳው ዞረው።

«አውቀዋለሁ።»

«ልጄ ላይ አንድ ጭረት እንዳይ—»

«ጋሼ፣ መንገዱ ይጭራል። እኔ የምችለውን አደርጋለሁ።»

«ካደረስካት በኋላ ሞተሩን እዚያው ትተህ ወደፈለግክበት ሂድ። ሁለተኛ እዚህ ግቢ እንዳላይህ።»

«እሺ» አለ። እሺታው እንደ ልጅ እሺታ ነበር፤ ለዚህ ነው ሾርባው ከእጄ የፈሰሰው።

ከዚህ በኋላ ያለውን እሷ ነች የነገረችኝ፤ በብዙ ቀን፣ እየቆረጠች።

የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ኪሎ ሜትሮች ሰው ያለባቸው ናቸው፤ ጠጠሩ ተዳምጧል፣ ዳርና ዳሩ ዛፍ አለው። ከዚያ ዛፉ ያልቃል። የስልክ እንጨቱ ያልቃል። ጠጠሩም ያልቅና መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ይሸበሸባል። ቀስ ቢሉበት እያንዳንዱ ሽብሽብ ወገብ ላይ ይመታል፤ ቢፈጥኑበት ጎማው ከአናት አናት እየዘለለ መሪው አልታዘዝ ይላል። መድኃኒቱን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በደረቷና በጀርባው መካከል አጣብቃዋለች። «ኪሎ ሜትር 31 እስከ 58፣ የተሸበሸበ፣ በዝግታ» የምትለዋን መስመር በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ተይባታለች! ሻይ እየጠጣች ነበር የምትተይባት። አሁን ያቺው መስመር መንጋጋዋን እያንቀጫቀጨች ታስተምራታለች።

ስልሳ አንድ ላይ ሲደርሱ ጆሮው ሥር ጮኸች።

«ሜዳው ይሄ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ቢጫ ነው ብለህ ነበር!»

«እሳት ገብቶበታል።»

እስከ ሰማይ ጫፍ ጥቁር ነበር። ነፋሱ አመዱን ትንሽ ያነሳና ይተወዋል። እግራቸው የጠቆረ ነጫጭ ወፎች የተቃጠሉ ነፍሳት እየለቀሙ ይራመዳሉ፤ ሞተሩ ሲያልፍ እንኳ አልበረሩም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋዋ ሥር ያስቀመጠችው ቢጫ ሜዳ ይህ ነበር። ቀድሜ ብመጣ ኖሮ ብላ አሰበች፤ ግን በምን? በማን ፈቃድ?

ከሰማንያኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ሾፌሮች «ዱቄቱ» የሚሉት ቦታ አለ። አፈሩ ከመድቀቁ የተነሳ እንደ ውኃ ይረጫል፤ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ ጉድጓዱን ሁሉ ሞልቶ ሜዳ ያስመስለዋል። እዚያ ፍሬን የያዘ ይወድቃል። አቧራው አልያዘም፤ ግን ከሥር ድንጋይ ነበረ። የፊት ጎማው ታጠፈ፣ ሁለቱም ተነጠፉ።

ድምፅ እንኳ አልነበረውም። እንደ አልጋ ተቀበላቸው። ትቢያው ሲረግፍ ሁለቱም በአራት እግራቸው ወደ ጥቅሉ እየዳሁ ነበር። ፈታው፤ ብልቃጦቹን በጣቱ ነካካቸው። አንዷ ተሰንጥቃለች። ሌሎቹ ደኅና ናቸው።

ያን ጊዜ ነው የጠየቀችው፣ አፏ ውስጥ አፈር እያለ።

«ለምን ረሳሁ አልክ?»

«ገልብጠሽ አነበብሽው ማለት ነው።»

«ትናንት። ለምን?»

ጥቅሉን መልሶ እያሰረ፣ ሳያያት መለሰላት። «ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ነዋ። ከፊት መሰረዝ ነበረብኝ። አንድ መስመር ነው፤ እስክሪብቶ ደግሞ በእጄ ነበረ። ስትስቂ እየታየኝ ቀልዱን አስቀደምኩት። ቀስቷን ደግሞ እንደ ትንኝ አሳነስኳት፤ በምን ታዪያታለሽ?»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ማንም አይፈርድባትም። እኔ ራሴ ዝም በይ እላት ነበር።

«አይቻታለሁ» አለች።

እጁ ቋጠሮው ላይ ቆመ።

«ቀስቷን አይቻታለሁ። ስለ ሴትየዋ ሌላ ገጽ አላነብም ብዬ ነው። ቀንቼ ነው ያልገለበጥኩት።»

ተነሳ። ዱቄቱን እየረገጠ ሃያ እርምጃ ያህል ሄዶ ጀርባውን ሰጣት። ከፊቱ ምንም አልነበረም፤ በሙቀቱ የሚርገበገብ ነጭ ሜዳ፣ በሜዳው መጨረሻ እንደ ጥላ የቆመ የተራራ ሰንሰለት። እሷን ለማዳን ብሎ ስሙን የጣለው ቀስቷን አላየቻትም ብሎ ነበር። አይታ መተዋ ሌላ ነገር ነው።

ሲመለስ ፊቱ ዝግ ነው።

«ተነሺ» አለ። «መድኃኒቱን ፀሐይ እየመታው ነው።»

ከኋላ ስትቀመጥ ወገቡን አልያዘችም፤ የዕቃ መጫኛውን ብረት ያዘች። ብረቱ ያቃጥላል። አልለቀቀችውም፤ ማቃጠሉ ትንሽ ደግ መሰላት።

ከዱቄቱ በኋላ መንገዱ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። በአንድ ወገን ጥቁር ድንጋይ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በሌላው ወገን ምንም የለም፤ ከሥር፣ በጣም ከሥር፣ ቀጭን ወንዝ እንደ ወደቀ ክር ይታያል። ልል ጠጠር ነው፤ ጎማው ሥር ይንከባለላል። ሞተሩን በአንደኛ ማርሽ ይዞ እንደ ሽማግሌ ያወርደዋል። በመጀመሪያው ኩርባ ላይ የኋላ ጎማው ወደ ገደሉ ሸሸት አለ።

«ያዢኝ» አላት።

ያዘችው።

«ጠበቅ አድርጊ።»

ጠበቅ አደረገች። ለቁልቁለቱ ይሁን ለሌላ ነገር ግን አላወቀችም፤ መጠየቅም ፈራች። አሥራ አንድ ኩርባ ነው፤ ቆጥራቸዋለች። ባያልቁ ብላ ተመኘች፤ ወንድሟ እግሩን ይዞ እየጠበቃት ይህን መመኘቷ ራሷን እንድትጠላ አደረጋት።

መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ የአባቷ መኪና በጎኑ ተኝቷል፤ የአንድ ወገን ጎማዎቹ አየር ላይ። የጫነው ሲሚንቶ ውኃ ውስጥ ጠንክሮ ጆንያ ጆንያ የሚያህል ድንጋይ ሆኗል። ወንዙ ከዚህ ሁሉ ጉድ በኋላ ጉልበት አይሞላም፤ ጥርት ብሎ፣ ጠጠሩን እያሳየ ይወርዳል። የተናደው ዳር ተከፍቶ ባዶው ይታያል። ሞተሩን እየገፉ፣ እሱ በመሪው እሷ ከኋላ፣ በድንጋይ በድንጋይ ተሻገሩ። መሐል ላይ ውኃ ውስጥ ቆማ አለቀሰች። አላባበላትም። ግን ሞተሩን አቁሞ ጠበቃት።

ጤና ጣቢያው ሁለት ክፍል ያለው የብሎኬት ቤት ነው። ሲስተሯ ደጃፉ ላይ ቆማ ጥቅሉን ከእጃቸው ነጠቀች። «በመጨረሻ! ጀሶው? መርፌው? ጎበዝ። ግቡ፤ እጃችሁን ታጠቡ።»

ወንድሟ አልጋው ላይ ተጋድሟል። ጢሙ አድጓል፤ እግሩ አንሶላው ሥር የሌላ ሰው እግር ይመስላል።

«ሚጢጢ!» አለ። ወዲያው ፊቱ በራ። «አንቺ በዚህ መንገድ? አባባ አብዷል እንዴ! ነይ ወዲህ፤ ነይ ቀዥቃዣ።»

ሄደች። ጭንቅላቷን አቅፎ ደረቱ ላይ አደረገ፤ ከፀጉሯ ውስጥ አቧራ ቦነነ። ቀና ሲል በሩ ላይ የቆመውን አየ።

«ይሄን ሰውዬ ከፊቴ አርቁልኝ።»

አቧራው አልመለሰም። የሞተሩን ቁልፍ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ፤ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣለ፤ ዞረ። ጋሼ ያዘዙት ይኸው ነበር፤ አድርሶ መሄድ። ከበሩ እስከ መንገዱ አሥር እርምጃ ነው።

እሷ የወንድሟን እጅ እንደያዘች የእርምጃውን ድምፅ ሰማች። አንድ። ሁለት። ዝም ማለት ያን ያህል ቀላል ነበር፤ ምንም ማድረግ አያስፈልገውም።

«ወንድምዬ፣ እሱ ጽፎ ነበር።»

«ምን?»

«ጽፎ ነበር። እኔ ነኝ ያልለጠፍኩት።»

ሲስተሯ መርፌውን ወደ ብርሃን አንስታ፣ «ወሬው አጥንቱ ከገባ በኋላ ይደርሳል» አለች።

«በኋላ ድፍረቱ አይኖረኝም ሲስተር። አሁን ነው።» ቁራጩን ከደረቷ አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችው። ውጭ እርምጃው ቆመ።

ወንድሟ የወረቀቱን ፊት አነበበ። ገለበጠው። ጀርባውን አነበበ። «ቅዳሜ ተረኛው ወንድምሽ ነው» የሚለው ጋ ሲደርስ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እንደገና ወደ ፊት ገጹ ገለበጠው።

«ይቺ ቀስት ናት?»

«አዎ።»

«አላየሻትም?»

«አይቻታለሁ።»

«እና?»

«ቀናሁ።»

«በማን?»

«በሴትየዋ።»

ሳቀ። ወይም እሷ ሳቅ መሰላት። «ሲሚንቶ ጭኜ ውኃ ውስጥ ስገለበጥ አንቺ በጥርስ አልባ አሮጊት ትቀኚያለሽ?» ሳቁ ሄዶ ሄዶ መሐሉ ላይ ተሰበረ፤ እንባው ወደ ጆሮው ወረደ። «ሦስት ሰዓት ሙሉ እኮ ነው ብረቱ ሥር የቆየሁት። አንቺን ነበር የምጠራው። እግዜር ያሳይሽ፣ አንቺን!»

«ወንድምዬ—»

«ውጪልኝ።»

«አልወጣም። ስትሰበር አልነበርኩም። ሲገጣጠም እኖራለሁ።»

«ውጪ አልኩሽ!»

«ሰው ይያዝልኝ!» ሲስተሯ ጮኸች። «መርፌው ሕመሙን ያደነዝዘዋል እንጂ አያጠፋውም። አንቺ እጁን፤ አንተ በር ላይ የቆምከው፣ ትከሻውን! ስትጣሉ እግሩ ይቆረጥ?»

አቧራው ገባ። ቦርሳውን ጥሎ ከራስጌው ቆመ፤ በሁለት መዳፉ ትከሻውን ተጫነ። ወንድምየው ተገላብጦ ሊያየው ሞከረ፤ አልቻለም።

ሲስተሯ እግሩን ሳበች።

ያን ጩኸት እኔ አልሰማሁትም፤ እሷ ስትነግረኝ ግን ጆሮዋን ያዘች። ወንድሟ የእጇን ጣቶች ጨምድዶ ያዘ።

«አልምርሽም!» አለ በጥርሱ መካከል። «ሰማሽ? አልምርሽም!»

«አትማረኝ» አለች። «ብቻ እጄን አትልቀቅ።»

አልለቀቀም። ሲስተሯ በሳበች ቁጥር «አልምርሽም» ይላል፤ ባለ ቁጥር ይጨምቃታል። ከራስጌው በኩል አቧራው ጎንበስ ብሎ፣ ላቡ በፊቱ ትቢያ ላይ መንገድ እያበጀ፣ ለወንድምየው ጆሮ ተናገረ።

«ከፊት መሰረዝ የነበረብኝ እኔ ነኝ። መማር ካልቻልክ ሁለታችንንም አትማረን።»

እንዲህ ያለውን ቃል ተናግሮ አያውቅም። በሁለት ዓመት ወረቀት ሁሉ ውስጥ አንቺ ነበረ፣ እኔ ነበረ፤ ሁለታችን የሚል ግን አንድም ቦታ የለም። እሷ ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት፤ ዱቄቱ ላይ ጀርባውን ከሰጣት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። ይቅር ያለ ሰው ዓይን አልነበረም፤ ገና የሚያመው ሰው ዓይን ነበር። ግን አላዞረውም።

«ሁለታችሁንም!» አለ ወንድሟ እየጮኸ። «ሁለታችሁንም አልምርም!»

እናም ጣቶቿ በወንድሟ እጅ ውስጥ እየተሰባበሩ፣ የአጥንቱ መንቋቋት በክፍሉ እየተሰማ፣ ደስ አላት። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አልጋ አጠገብ፣ «ሁለታችን» በሚል አንድ ቃል ደስ አላት። ያሳደጋት ሰው ከጭንቅላቱ እስከ እግሩ ሲንቀጠቀጥ በዓይኗ እያየች ነው። ከእፍረቷ ብዛት አንገቷን ደፍታ፣ ግንባሯን ከተጨመደደው እጅ ላይ አስደግፋ ቀረች።